ሞተሩ በአንድ ዙር የተነሳ ዕለት

ባለፈው ክረምት አዳማ ላይ መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ልጆች አሮጌ ጀነሬተር ደጅ አውጥተው ለማስነሳት ይታገሉ ነበር። ሞተሩ ያስላል፤ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ተነሳ ሲሉት ድምፁ ሰልሎ ይጠፋል። ያልተቃጠለ የናፍጣ ሽታ በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን ሞላው። ሰው እንዲህ ያለ ሽታ ሲመጣበት መስኮቱን ይዘጋል። እኔ ግን የምልጠውን ሽንኩርት አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

"አየር ስቦ ይሆናል እኮ" አለ አንደኛው ልጅ።

ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ዝዋይ ነው። ያኔ ከተማዋ ገና ባቱ አልተባለችም። እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ግርማ በሐይቁ ላይ የአሳ አስጋሪዎች ማኅበር ጀልባ ነጂ ነበር። እናቴ የታመመች እናቷን ልታስታምም ናዝሬት ስለሄደች፣ በዚያ በጋ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና አባባ ብቻ ነበርን። ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ጥሎኝ መሄድ ስለማይሆንለት፣ ከትምህርት ቤት በፊት ሐይቁ ዳር ይዞኝ ይወርዳል። የሹራቤን እጅጌ እስከ ጣቴ ጫፍ ስቤ፣ በተገለበጠ የአሳ ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ ሞተሩ ሲነሳ እጠብቃለሁ።

ዝዋይ በቀን ትሞቃለች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋቷ ግን ሌላ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆነጥጣል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትናንት የተጣለ የአሳ ሆድ ዕቃ አጠገብ ትከሻቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ውሃው ቡና በወተት ይመስላል፤ ፊላው ውስጥ ጭጋግ ተኝቷል። ከዚህ ሁሉ መሐል አባባ የሞተሩን ማዞሪያ ብረት፣ ማንቬላውን፣ ይዞ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

ጀልባው ረጅም የእንጨት ጀልባ ነበር። ከደሴቶቹ አሳ ያመጣል፤ ሲመለስ ሰው፣ እህል፣ ጨው ይወስዳል። የታመመ ሲኖርም የሚያሻግረው እሱ ነው። ሞተሩ መሐሉ ላይ በሣጥን ተከድኖ ይቀመጣል። እሱን ለማስነሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። አባባ ማንቬላውን ሲያዞር፣ ጥላሁን ደግሞ ሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ይዞ ይጠብቃል። ማንሻዋ ወደ ላይ ስትያዝ ሞተሩ ቀሎ ይዞራል። ፍጥነቱ ሲበቃ አባባ "ልቀቅ!" ይላል፤ ጥላሁን ይለቃል። ያን ጊዜ ሞተሩ ድም... ድም... ብሎ ወይ ይነሳል ወይ ይሞታል። በዚያ በጋ አብዛኛውን ጊዜ ይሞት ነበር።

ጥላሁን ከአባባ ጋር በጀልባው ላይ የሚሠራ የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ነው። የቱሉ ጉዶ ደሴት ልጅ ነበር። ሳምንቱን ከተማ ይሠራል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ደሴቱ ላይ ብቻዋን ወደምትኖረው እናቱ ይሻገራል። ፊት ለፊት አንድ ጥርሱ ስለወለቀ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ሞተሩን "ጃርሳ" ይለው ነበር፤ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው።

"ካኢ፣ ጃርሳ! ካኢ!" ይላል ሣጥኑን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። ተነስ፣ ሽማግሌው፣ ተነስ ማለቱ ነው። እኔም ሣጥኔ ላይ ሆኜ "ካኢ!" እላለሁ። አባባ ግን አይስቅም።

"አየር እየሳበ ነው" ይላል። "አንድ ቦታ አየር እየሳበ ነው።"

እኔ ደግሞ ነፋስ መታው ማለቱ መሰለኝ። ሰው ነፋስ ሲመታው አንገቱ ይደርቃል፤ ያስላል፤ ጠዋት ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል። ሞተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ጀልባው ታስሮ ሳለ፣ የእናቴን አሮጌ ጋቢ ከቤት አምጥቼ ሞተሩ ላይ አለበስኩት፤ ጫፉን በደንብ ወተፍኩለት። በነጋታው አባባ ሣጥኑን ሲከፍት ጋቢውን አይቶ ማንቬላውን ሊያነሳ ዞረ። ጥላሁን ግን አነሳው፤ አራግፎ አጠፈው።

"ስንዱ፣ አንቺ ነሽ?"

"ብርድ መትቶታል ብላችሁ የለ?"

እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሊስቅ ሲል ፊቴን አየና ተወው። "ደግ አደረግሽ" አለኝ። "ዛሬ ትንሽ ተሽሎታል።" ያን ቀን ሞተሩ የተነሳው ከሌላው ቀን ሁሉ ዘግይቶ ነበር።

አባባ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል ብሎ ታንኩን አራግፎ በጨርቅ እያጠለለ ሞላው። ፊልትሮውን ፈትቶ አጠበ። ናፍጣ የሚረጨውን ዕቃ ነቅሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ናዝሬት ድረስ ወሰደው፤ እዚያ ያሉት መካኒኮች ፈትነው ደህና ነው ብለው መለሱለት። ቱቦውን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲነፋ አይቼ ለሞተሩ ትንፋሽ የሚሰጠው መስሎኝ ነበር። አየሩን ካስወጣው በኋላ ሞተሩ ይነሳል፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። አድሮ ጠዋት ሲመጡ ግን ያው ነው።

ነገሩ የድካም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንድ ጠዋት ካኪ የለበሰ ሰውዬ ጠመንጃ ከያዙ አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ከአውራጃው ነው የመጣው ተባለ። ወደ ቱሉ ጉዶ መሻገር ፈልጎ ነበር። አባባና ጥላሁን ማንቬላውን እየተቀባበሉ አዞሩ። ሞተሩ ጭስ ተፋ፤ አጓራ፤ ሞተ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ጭጋጉ ተነሳ፤ ሐይቁ መናወጥ ጀመረ። ሰውዬው ሰዓቱን ደጋግሞ አየ።

"ይሄ ሞተር ሁልጊዜ እንዲህ ነው? ወይስ እኛ ስንመጣ?"

"ሁልጊዜ ነው ጓድ። አየር እየሳበ ነው።"

"የደሴቱ ኮታ አልሞላም። ታውቃለህ አይደል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ስለዚህ አሻጥር እንዳይሆንብህ" አለውና ጣቱን ወደ ሞተሩ ቀሰረ። "በሚቀጥለው ስመጣ ይሄ ነገር መነሳት አለበት።"

ኮታ የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር። አይሞላም ሲባል ስሰማ እንደ ናፍጣው በርሜል ያለ ትልቅ ዕቃ መሰለኝ። ደሴቱ ላይ የተቀመጠ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ በርሜል በሐሳቤ አየሁ። አሻጥር የሚለውን ግን አውቀው ነበር። የጎረቤታችን አባት በዚያ ቃል ተወስዶ አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመተኛቴ በፊት ሞተሩ እንዲነሳ እጸልይ ነበር።

አባባ ያን ሰሞን ምግብ አይበላም። እንጀራውን ቆርሶ እጁ ላይ ይዞት ይቀራል። ጥላሁን ከሥራ በኋላም ቤታችን ይመጣና ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ሞተሩ ያወራሉ።

"ጋሽ ግርማ፣ አየሩ የት እንደሚገባ ብናየው ኖሮ" አለ አንድ ምሽት።

"በመዳብ ቱቦ ውስጥ ምን ይታያል?"

ጥላሁን መሬቱን በእንጨት ጫረ። "ወባ ይዞኝ ክሊኒክ የተኛሁ ጊዜ ግሉኮስ ሰክተውልኝ ነበር። በላስቲኩ ውስጥ አረፋ ሲወርድ እያየሁ፣ ልቤ ጋ ሊደርስ ነው ብዬ ስፈራ ነው ያደርኩት። እንደዚያ ያለ ላስቲክ ብናገኝስ?"

አባባ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጫማውን ሳያስር ተነስቶ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ድሬሰሩ ሊጥለው የነበረውን የግሉኮስ ላስቲክ ሰጠው።

በነጋታው ቅዳሜ ስለነበረ ትምህርት የለም። ላስቲኩን ከፊልትሮው አጠገብ፣ በመዳቡ ቱቦ ምትክ ሰኩት። ሞተሩ ከብዙ ትግል በኋላ ተነስቶ በዝግታ ሲሠራ ሦስታችንም አጎንብሰን አየን። ቢጫው ናፍጣ በላስቲኩ ውስጥ ይሄዳል። መሐል መሐል ላይ እንደ ዶቃ ክብ የሆኑ አረፋዎች ብቅ እያሉ ወደ ሞተሩ ይጓዛሉ።

"ያውልህ!" አለ አባባ። "ያውልህ፣ እየገባ ነው!"

ላስቲኩን እያዘዋወሩ ወደ ታንኩ ተጠጉ። በመጨረሻ ጥላሁን በደረቱ ተኝቶ እጁን ከወለሉ ሳንቃ ሥር አስገባ። ቱቦው እዚያ ታች፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል፣ ከጀልባው የጎን እንጨት ጋር ታስሮ ያልፍ ነበር። ጣቱን ቀስ እያደረገ ሄደና ቆመ።

"እዚህ ጋ ሻካራ ነው።"

ሳንቃውን ነቀሉት። ቱቦው ከእንጨቱ ጋር ሲፋተግ ዓመታት ኖሮ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል። ናፍጣ አያፈስም፤ አየር ግን ይስባል። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ በዚያች ስንጥቅ አየር ይገባና ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ሲደክምበት የኖረው ነገር ይህ ነበር። አባባ የተሰነጠቀውን ቦታ በመጋዝ ቆርጦ አወጣ፤ ጥላሁን የጎማ ቱቦ አልብሶ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ጠፍሮ አሰረ። ሽቦውን በጉጠት ሲያጠብቅ ምላሱን በወለቀው ጥርሱ ቦታ አውጥቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ወረድን። ካኪ የለበሰው ሰውዬና ጠባቂዎቹ ቀድመውን ደርሰው እዳር ቆመው ነበር። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ሰዓት ገና ስለሆነ፣ ደግሞም አባባ መቼ እንደሚመለስ ስላላወቀ፣ ከእሱ ጋር እንድሄድ ጀልባው ውስጥ አስቀመጠኝ።

ጥላሁን ማንሻዋን ሊይዝ ወደ ሞተሩ ሲመጣ አባባ በእጁ ከለከለው።

"ዛሬ አንተ ተቀመጥ" አለው። ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ ያላየሁት ፈገግታ ነበር። በግራ እጁ ማንሻዋን፣ በቀኝ እጁ ማንቬላውን ይዞ አንዴ አዞረና ለቀቀ።

ተነሳ። አንድ ዙር ብቻ ነበር። ድምፁ ውሃው ላይ ሄደ፤ አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ተነሱ። እኔ አጨበጨብኩ። ጥላሁንም አጨበጨበ። ካኪ የለበሰው ሰውዬ እንኳ "ጎሽ!" አለ።

ደሴቱ ስንደርስ ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ኮረብታው ወጡ። እኔ በርሜሉን ሊያመጡ የሄዱ መስሎኝ ከዛፎቹ መሐል ሲንከባለል እስካየው ጠበቅኩ። ያመጡት ግን ወጣቶችን ነበር። አንዳንዶቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ አንዱ ሸሚዙን ገልብጦ ነው የለበሰው። ሌሎቹ ሞተሩን ከሩቅ ሰምተው ፊላ ውስጥ ገብተው እንደተደበቁ በኋላ ተወራ። ወጣቶቹ ጀልባው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሰውዬው ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ፤ ከንፈሩን ነከሰ።

ከዚያ ዓይኑ ጥላሁን ላይ አረፈ። "አንተስ? የየት አገር ልጅ ነህ?"

"የዚሁ ነኝ" አለ ጥላሁን። ሊዋሽ አላሰበም።

"ግባ። ከነሱ ጋር ተቀመጥ።"

አባባ ተነሳ። "ጓድ፣ ይሄ ልጅ የማኅበሩ ሠራተኛ ነው። እናቱም ከእሱ በቀር ማንም የላትም።"

"ኮታው የደሴቱ ነው። እሱም የደሴቱ ልጅ ነው።"

"ሞተሩ እኮ ያለ ሁለት ሰው አይነሳም!"

ሰውዬው በመገረም አየው። የተቆጣ አይመስልም ነበር። "ጠዋት ብቻህን አስነስተኸው የለም እንዴ? በአንድ ዙር?"

አባባ ወደ ሞተሩ ዞሮ አየ።

በዚህ መሐል የጥላሁን እናት አዴ ዳዲ ከመንደሩ ወረደች። ሁልጊዜ ጀልባው ሲመጣ እንደምታደርገው ለአባባ የተቆላ በቆሎ በሰፌድ ይዛ ነበር። ልጇን ከወጣቶቹ መሐል ተቀምጦ አየችው። ሰፌዱን እንደያዘች ውሃው ውስጥ ገባች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ራሰ። በአንድ እጇ የጀልባውን ጠርዝ ያዘች።

"ግርማ" አለች፤ ካኪ የለበሰውን ሰውዬ ዞራም አላየችው። "ልጄን ወዴት ነው የምትወስደው?"

አባባ ማንቬላውን አነሳ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ አየሁት፤ ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱን ሳይጠቀም አዞረ። ሞተሩ ተንፍሶ ቀረ። እንደገና እንዲሁ አደረገ።

"አሁን ደግሞ ምን ሆነ?" አለ ሰውዬው። እጁን ወገቡ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ወሰደ። "አሻጥር ነው?"

አባባ ሦስተኛም ቀስ ብሎ ሊያዞር ሲል ጥላሁን ከተቀመጠበት ተናገረ። ድምፁ ሁልጊዜ ሥራ ላይ እንደሚናገርበት ድምፅ ነበር።

"ጋሽ ግርማ፣ ያስነሱት። ስንዱ አለች።"

አባባ ወደኔ ዞረ። ከዚያ በሙሉ ጉልበቱ አዞረው፤ ተነሳ። አዴ ዳዲ የጀልባውን ጠርዝ አልለቀቀችም፤ ውሃው ደረቷ እስኪደርስ ተከተለችን። የተቆላው በቆሎ ከሰፌዱ ላይ ፈስሶ ኋላችን ተንሳፈፈ።

እኔ ምንም አልገባኝም ነበር። ወጣቶቹ ወደ ናዝሬት እንደሚወሰዱ ጠባቂዎቹ ሲያወሩ ሰማሁና ወደ ጥላሁን ተጠጋሁ። "ናዝሬት ከሄድክ እናቴን ሰላም በልልኝ" አልኩት።

"እላታለሁ" አለኝ። "ሞተሩ ተሽሎታል እላታለሁ።" እጁን አፉ ላይ ሳያደርግ ፈገግ አለ፤ ሲስቅ የወለቀ ጥርሱን ቦታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባባ በነጋታው ዳቦ ይዞ ወጣቶቹ ወዳሉበት ግቢ ሄደ፤ አላስገቡትም። በሳልስቱ ሄደ፤ ግቢው ባዶ ነበር። ናዝሬት ወርዶም ጠየቀ፤ ወደ ጦር ማሠልጠኛ አልፈዋል አሉት። ይህን ሊነግራት አዴ ዳዲ ጋ ሄዶ፣ የሞተሩን ስንጥቅ ያገኘውና ያሰረው ጥላሁን መሆኑንም ነገራት። ከዚያ በኋላ ሥራውን አላቆመም፤ የሚያቆምበት መንገድም አልነበረውም። ሞተሩ በየጠዋቱ በአንድ ዙር ይነሳል። አባባ ግን ሲነሳለት ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

ጥላሁን ከሄደበት አልተመለሰም። ይህን ያወቅነው ብዙ ቆይቶ ነው። በዚያ በጋ ገና ይመጣል ይባል ነበር።

አዴ ዳዲ ዳግመኛ ጀልባችን ላይ አልወጣችም። ወደ ከተማ ገበያ ስትመጣ ከደንገል በታሰረች ታንኳ ብቻዋን እየቀዘፈች ትመጣለች። አባባ ከሩቅ ሲያያት ሞተሩን ያጠፋዋል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ፀሐይ ነው፣ አሳው ይበላሻል ይላል። አባባ አይሰማም። ጀልባው ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፤ የእሷ መቅዘፊያ ውሃውን ሲቆርጥ ይሰማል፤ አጠገባችን ስታልፍ ዞር ብላ አታይም። ከራቀች በኋላ እንደገና ያስነሳዋል።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ደመና መጠራቀም በጀመረበት ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ እኔም ጀልባው ላይ ነበርኩ። አባባ አያትና እንደ ልማዱ አጠፋው። እሷ ግን በዚያን ዕለት አላለፈችም። ታንኳዋን አዙራ አስጠጋችና የጀልባውን ጠርዝ ያዘች። ጣቶቿ ከውሃው ብዛት ተኮማትረዋል።

"ግርማ፣ እኔን ስታይ ለምንድን ነው የምታጠፋው?"

"ማዕበሉ እንዳያስቸግርዎት ብዬ ነው፣ እናቴ።"

"እኔን? እዚህ ውሃ ላይ ተወልጄ?"

አባባ አንገቱን ደፋ።

"ጠዋት እደጄ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ" አለች። "ሲነሳ፣ ልጄ ሥራ ላይ ነው እላለሁ። እጁ አለበት እኮ፤ አንተ አይደለህ የነገርከኝ? ስታጠፋው ነው የምፈራው። አታጥፋብኝ።"

አባባ ማንቬላውን አንስቶ አስገባ። የመጀመሪያው ዙር አልሆነለትም። እሷ ጠርዙን እንደያዘች ጠበቀችው። ሁለተኛውን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥቂት አዳመጠችው፤ ከዚያ ጀልባችንን በመዳፏ ገፋ አድርጋ ወደ ከተማው መቅዘፍ ጀመረች።